ሲስተር አሰለፈችና የሽማግሌ ላብ

መቅደስ የደወለችልኝ ባለፈው የካቲት ማብቂያ፣ ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት ሰሞን ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በቀትር የማደርገው ነገር ቢኖር ከቤቴ ጀርባ ካለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር ወንበር አውጥቼ፣ የሸሚዜን ቁልፍ ፈትቼ፣ መንገደኛውን መታዘብ ነው። ስልኩን ሳነሳው ልጅቷ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አልጨረሰችም።

«ጋሽ ማርቆስ፣ እማዬን ይምከሩልኝ» አለች። «ሹራብ በሹራብ ላይ ደርባ፣ ጋቢዋን ተከናንባ፣ መስኮት አስዘግታ ነው የምትውለው። ክፍሉ ውስጥ መተንፈስ አይቻልም። ውሃ ስንሰጣት ጾም ነው እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም ትላለች። የንስሐ አባቷ ራሳቸው መጥተው ‹አንቺ አሮጊት ነሽ፣ ጠጪ› ብለዋት እምቢ አለቻቸው። ትናንት ስትነሳ ዞሮባት ግድግዳ ይዛ ነው የቆመችው። ሐኪም ቤት እንሂድ ስንላት ‹ምን ሆኜ? በርዶኝ እኮ ነው› ነው መልሷ።»

መቅደስ የሲስተር አሰለፈች ልጅ ናት። ሲስተር አሰለፈች ደግሞ እኔን ሰው ያደረጉኝ ነርስ ናቸው። ትምህርት ቤት ወረቀቱን ሰጠኝ፤ ሙያውን ግን ያገኘሁት ከእሳቸው እጅ ነው። አሁን ሰማንያን አልፈው ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ።

«እኔን እኮ ሥራ ላይ እያለንም ሰምተውኝ አያውቁም» አልኳት።

«ይሞክሩ እንጂ፣ ጋሼ» አለችኝ።

ስልኩን ዘጋሁት። ሲስተር አሰለፈች በዚያ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይሞታሉ ብዬ ፈራሁ። ያውም ዕድሜ ልካቸውን ከሌላው ሰው ደጃፍ ሲያባርሩት በኖሩት ሞት። ይህ አባባሌ ግልጽ እንዲሆን ግን ከእሳቸው ጋር ያሳለፍኩትን ዘመን ማውራት አለብኝ።

እኔ የተወለድኩት ከሐዋሳ ብዙም በማይርቅ የሲዳማ ገጠር ነው። አማርኛን የለመድኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው፤ ሲስተር አሰለፈች እስከ ዛሬ «አማርኛህ ኮረኮንች ላይ እንደሚሄድ ባጃጅ ነው» እያሉ ያበሽቁኛል። ጤና ረዳት ሆኜ መጀመሪያ የተመደብኩት ቆላ ወርጄ፣ አንድ ሰፊ እርሻ ውስጥ ባለች ጠባብ ክሊኒክ ነበር። የማክማቸው ሁሉ ወጣት የቀን ሠራተኞች ነበሩ። ፀሐይ ላይ ውለው ሲመጡ የሸሚዛቸው ጀርባ ላይ ነጭ የጨው ካርታ ተሥሎ ይታያል። አንድ ጣሳ ውሃ ይገለብጣሉ፣ ጥላ ሥር ጥቂት ጋደም ይላሉ፣ ከዚያ ተነስተው ኳስ ይጫወታሉ። እኔም ላብ ማለት እንደ ትንፋሽ ለሰው ሁሉ እኩል የታደለ ነገር ነው ብዬ ደመደምኩ። አለቃዬ ሪፖርቱ በጊዜው ከደረሰው አገር ሰላም ነው ብሎ የሚያምን ደግ ሰው ስለነበር፣ ከእሱ የተማርኩት መስመር አስምሮ መጻፍ ብቻ ነው። ስለ ደሞዙ አላወራም፤ ስለሌለ ነገር ምን ይወራል።

ከዚያ ወደ ሐዋሳ ተዛወርኩ። የተመደብኩበት ጤና ጣቢያ ከከተማው ዳር ነበር፤ ስሙን መጥራት አያስፈልገኝም። የተመላላሽ ክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አሰለፈች ነበሩ። የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው፤ ባለቤታቸው መምህር ሆነው ሐዋሳ ሲመደቡ ተከትለው መጥተው እዚሁ ቀሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጋዋናቸው ላይ አንዲት እጥፋት የማይታይባቸው ሴት ነበሩ። ገና ሳያቸው ፈራኋቸው። ጥፍሬን አስዘርግተው ካዩ በኋላ «ይህን ቆርጠህ ናና እንጀምራለን» አሉኝ።

በሽተኛ ሲያነጋግሩ ቆመው አያውቁም፤ ሁልጊዜ ይቀመጣሉ። ሙቀት መለኪያውን ከማውጣታቸው በፊት የመዳፋቸውን ጀርባ ነው የሚያስቀድሙት። «መዳፍ ሥራ ያደነዝዘዋል፤ ጀርባው ግን አይዋሽም» ይላሉ። የሰው ስም አይረሱም፤ የልጁንም የበሬውንም ስም ጭምር ይጠይቃሉ። ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው ነበራቸው። የሽማግሌን ነገር የተማርነው ግን ሁለታችንም አብረን፣ አንድ ሰው ከሞተብን በኋላ ነው።

ሰውዬው አቶ ሻላሞ ይባሉ ነበር። በአካባቢው ነገር የሚያበርዱ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ገበሬ ናቸው። በበጋ፣ ዝናብ ከጠፋ ወራት ባለፈበት ጊዜ ልጃቸው ጤና ጣቢያ መጥቶ «አባታችንን ብርድ መትቶት ተኝቷል» አለን። ሲስተር ቦርሳቸውን አንስተው፣ እኔ ተከትዬ ሄድን። በሩ ተዘግቷል፤ በመስኮቱ ስንጥቅ ጨርቅ ተወትፏል። አቶ ሻላሞ በሁለት ጋቢና በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ተኝተዋል። ቆዳቸው ያቃጥላል፤ ግን አንዲት ጠብታ ላብ የላቸውም።

በእኛ አገር ትኩሳት ያለበትን ሰው ሸፍኖ ማላብ የቆየ ሕክምና ነው። ላቡ ከወጣ በሽታው አብሮ ወጣ ይባላል። የአቶ ሻላሞ ቤተሰብም ከጠዋት ጀምሮ የሚጠብቀው ያንኑ ላብ ነበር። ሽማግሌውን «ምን ይሰማዎታል?» ብለን ስንጠይቃቸው በሲዳሙ አፎ፣ በእኛው ቋንቋ፣ «በርዶኛል» አሉ፤ እኔም ተረጎምኩላቸው። በዚያ ዘመን ትኩሳት ሁሉ ወባ ነበርና ሲስተር ደም ወሰዱ፣ የወባ ክኒን ሰጡ። ሲወጡ ደግሞ ለቤተሰቡ «እስኪያልባቸው እንዳትገልጧቸው» አሉ። እሳቸውም ያደጉት ከብርድ አገር ነው፤ እናታቸውም እንደዚያው ነበር የሚያደርጉት።

በማግስቱ ልናያቸው ስንመለስ ግቢው ውስጥ ድንኳን እየተተከለ ነበር። የደም ምርመራውም ወባ የለም አለ።

በሳምንት አንድ ቀን እየመጡ በሽተኛ የሚያዩልን አንድ ሐኪም ነበሩ። ሲስተር የሆነውን ሁሉ ሳይደብቁ ነገሯቸው፤ ሐኪሙም ወንበር ስበው ተቀምጠው በትዕግሥት አስረዱን። ሰውነት ሲሞቅ ራሱን የሚያበርደው በሁለት መንገድ ነው አሉን፤ አንደኛው ደሙን ወደ ቆዳ አምጥቶ ሙቀቱን በማስወጣት፣ ሁለተኛው ላብ አውጥቶ ላቡ ሲደርቅ በመቀዝቀዝ። ሰው ሲያረጅ የላብ ዕጢዎቹ ከቆዳው ሥር አሉ፤ ግን ዘግይተው ነው የሚነቁት፣ ሲነቁም የሚሰጡት ጥቂት ነው። የቆዳው የደም ሥሮችም እንደ ድሮው ቶሎ አይከፈቱም። ጥማቱም ይደክማል፤ ሰውነቱ ውሃ እየለመነ አፉ ግን አልጠማኝም ይላል። እንዲያውም ውስጡ እየነደደ ቆዳው በርዶኛል ሊል ይችላል።

«ታዲያ ላቡን እየጠበቅን የነበረው...» አሉ ሲስተር።

«የማይመጣ እንግዳ ነው የጠበቃችሁት» አሉ ሐኪሙ በሐዘን። «ለወጣት ጋቢ ብትደርቡበት ያልበውና ገፍፎ ይነሳል። እሳቸው ግን ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ውስጣቸው ቀረ።»

ሲስተር በጥያቄ ያዟቸው። ላቡ ከየት ከየት ነው ቀድሞ የሚቀንሰው? የግፊት መድኃኒት የሚውጡትስ? የስኳር ሕመምተኛስ? ሐኪሙ የሚያውቁትን መለሱ፤ የማያውቁትን ጠይቀው በሚቀጥለው ሳምንት ይዘው መጡ። ላብ አብዛኛውን ጊዜ መድከም የሚጀምረው ከእግር ነው፤ ቀጥሎ ጀርባና ክንድ፣ በመጨረሻ ግንባር። ሲስተር ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ላይ ያየሁትን አልረሳውም። ሐዘኑ እንዳለ ሆኖ ተደነቁ። ሐኪሙ ከሄዱ በኋላ «አየህ ማርቆስ» አሉኝ፣ «እግዚአብሔር ለሰው የራሱን ዝናብ ቆዳው ሥር አስቀምጦለታል። ሲያረጅ ግን ዝናቡ ይዘገያል። እኛ ነን ማርጠብ የነበረብን።»

ድንኳኑ ገና ሳይነሳ ወደ ለቅሶው ሄዱ። እኔን ለአስተርጓሚነት ይዘውኝ፣ ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት ፊት ቆሙ። «አባታችሁን እስኪያልባቸው እንዳትገልጧቸው ያልኩት እኔ ነኝ። ማለት የነበረብኝ ግለጧቸው፣ አርጥቧቸው፣ ውሃ ስጧቸው ነበር። አላወቅሁም ነበር። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ እኔ ያደረግሁት ከዚያም የከፋ ነው» አሉ። እኔ ደነገጥኩ፤ ሕዝቡ ይነሳባቸዋል ብዬ ፈርቼ ስተረጉም ነገሩን አለሳለስኩት። ሲስተር ለካ በእነዚያ ዓመታት ቋንቋውን ለመስማት ያህል ለምደውታል። ክንዴን ያዝ አድርገው «ያልኩትን አልነገርክም። እንደገና ተናገር» አሉኝ። እንደገና፣ ቃል በቃል ተናገርኩ።

የሟች ታላቅ ልጅ ተነስቶ «ጋቢውን የደረብንበት እኛ ነን፤ ስለምንወደው ነው የደረብንበት» አለ። «አሁን ያወቃችሁትን ለሌላው ንገሩ። ሌላ አባት በጋቢ አይሙት።» ሲስተር አለቀሱ። በሥራ ዘመናችን ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ስህተቱን ደብቀውት ቢሆን ኖሮ ማንም አያውቅባቸውም ነበር፤ እኔ እሳቸውን ማክበር የጀመርኩት ግን ከዚያ ድንኳን ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣ እያንዳንዱ በጋ የሽማግሌዎች ወቅት ሆነ። ከሥራ ሰዓት ውጪ፣ ማንም ሳያዘን፣ በየቤቱ እንዞር ነበር። ሲስተር እቤት ሲገቡ መጀመሪያ አዛውንቱ የሚተኙበት አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ዝም ይላሉ። እኔ የሚጸልዩ መስሎኝ ስጠይቃቸው «ቤቱን እየሞቅኩት ነው። አንተ በር ላይ ቆመህ ምን ታውቃለህ? እሳቸው እኮ የሚውሉት እዚህ ነው» አሉኝ። ቀና ብለው ጣሪያውን ያያሉ፤ ኮርኒስ ከሌለው ባዶ ቆርቆሮው የሚወረውረውን ሙቀት በአናታቸው ይለኩታል። ከዚያ ጎንበስ ብለው የሽማግሌውን ቅልጥም በመዳፋቸው ጀርባ ይነካሉ። ቀጥለው ጀርባቸውን፣ ብብታቸውን፣ መጨረሻ ላይ ግንባራቸውን። አዛውንቶቹ ይስቁባቸው ነበር። አንዱ «ሲስተር፣ የሚያመኝ ራሴን፤ እግሬ ላይ ምን ጠፋሽ?» ሲሏቸው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው አባቴ» ብለው መለሱላቸው።

ሙያቸውን ያየሁት ግን በመስኮት ነገር ነው። የእኛ ሰው ነፋስ ይፈራል፤ በዚያ ሙቀት አውቶቡስ ውስጥ እንኳ አንድ ሰው መስኮት ቢከፍት ከኋላ ያለው ሁሉ «ዝጋው!» ብሎ ይጮኻል። ሲስተር «መስኮት ክፈቱ» ብለው አያውቁም። መጀመሪያ አልጋውን ከመስኮቱ ትይዩ ያነሳሉ፤ እኔ በአንድ በኩል፣ የቤቱ ልጅ በሌላ በኩል ሆነን እንሸከማለን። ከዚያ «አሁን ነፋሱ አባታችንን አያገኛቸውም፤ ሙቀቱን ብቻ ይዞ ይውጣ» ይላሉ። ቤተሰቡ ራሱ ሄዶ ይከፍታል። የሰውን ፍርሃት ሳይንቁ ፍርሃቱን የሚያልፉበት መንገድ ያገኙ ነበር። ይህንን በየትኛውም ሥልጠና ላይ አላገኘሁትም።

ለየቤቱ የሚነግሩት ነገር አጭር ነበር። ሽማግሌ ጠማኝ እስኪል አትጠብቁ። ላብ እስኪወጣ አትጠብቁ። ነጠላ አርጥባችሁ አንገቱና ብብቱ ላይ አድርጉ፣ አራግቡለት፣ ግራ የተጋባ ንግግር ከተናገረ ወይም ከደከመባችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም አምጡት።

ሐይቅ ዳር የሆነውን ብናገር ደግሞ ስለ ዓይናቸው ይገባችኋል። የጥር ሰርግ ነው፤ ሁለታችንም ተጠርተን ሄደናል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሙሽሮቹ ፎቶ ለመነሳት ሐይቁ ዳር ቆመዋል፣ ዘመድ ሁሉ በፀሐይ ተሰልፏል፣ ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ «አንድ ጊዜ! የመጨረሻ!» እያለ ያንኑ ደጋግሞ ያስኬዳቸዋል። የሙሽራው አባት አቶ ጴጥሮስ ወፍራም ሙሉ ልብስ ከነሰደርያው ለብሰው፣ ለክብር ጋቢ ደርበው መሐል ቆመዋል። ሲስተር ድንገት ክርኔን ነካ አድርገው «ማርቆስ፣ ያ ሰውዬ አይጠርግም» አሉኝ።

ግራ ገባኝና አየሁ። እውነት ነው። ሚዜዎቹ፣ አጃቢዎቹ፣ ቄንጠኛዎቹ ሴቶች ሳይቀሩ ሰው ሁሉ ፊቱን በሶፍት እየጠረገ ነው። አቶ ጴጥሮስ ብቻ አይጠርጉም። ጉንጫቸው ቀልቷል፣ ግን ደረቅ ነው። ስንደርስ ሙሽራይቱን በእህታቸው ስም እየጠሯት ነበር። ሲስተር ጥያቄ አላበዙም። ከዛፍ ሥር አስቀመጧቸው፤ ጋቢውን፣ ኮቱን፣ ሰደርያውን፣ ከረባቱን፣ ጫማና ካልሲውን አወለቁ። እኔ ለእንግዳ የመጣውን የታሸገ ውሃ ካርቶን ተሸክሜ መጣሁ። ሲስተር የራሳቸውን የሰርግ ነጠላ አርሰው አለበሷቸውና ለሁለት ሚዜዎች ትሪ ሰጥተው አራግቡ አሏቸው።

«ኧረ ነውር ነው፣ በአማት ፊት!» አለች አንዲት ዘመድ።

«ነውርማ ሰርጉን ለቅሶ ማድረግ ነው» አሏት፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩአት።

መኪና እስኪመጣ አቶ ጴጥሮስ ስማቸውን ተናገሩ፣ የልጃቸውንም የምራታቸውንም ስም አስተካክለው ጠሩ። ሐኪም ቤት ተኝተው ዳኑ። ከዚያ ወዲህ ሲስተርን መንገድ ላይ ባገኟቸው ቁጥር «ሚስቴ እንኳ በአደባባይ ያልደፈረችውን ያደረገች ሴት!» ብለው ይጮኹ ነበር፤ ሲስተር በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው ይስቃሉ።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ክፍሉን ለእኔ አስረከቡኝ። እኔም እስክወጣ ድረስ ለሚመጡ ወጣት ነርሶች ሁሉ ከእግር ጀምሩ ስል ኖርኩ። ጥሩ ልጆች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። በዚህ ሥራ ያገኘሁት ገንዘብ ልጆች አስተምሮ አልቋል፤ ያልገዛሁት ነገር ግን ብዙ ነው፣ ከሁሉም በላይ የእሳቸው ዓይን።

እንግዲህ መቅደስ የደወለችልኝ ስለ እኚህ ሴት ነበር። ምን ብዬ ልምከራቸው? የማውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። «ሰውነትዎ እያታለለዎት ነው» ብላቸው «ይህን ለማን ነው የምትነግረው?» ይሉኛል። የንስሐ አባታቸውን እምቢ ያሉ ሴት እኔን ጴንጤውን ስለ ጾም ሊሰሙኝ ነው? ሳሰላስል ቆየሁና አንድ ተንኮል መጣልኝ። ሲስተርን ማከም አይቻልም፤ በሽተኛ ይዞላቸው መሄድ ግን ይቻላል።

የሱፍ ኮቴን አወጣሁ። ከሥሩ ሹራብ ለበስኩ፣ አንገቴ ላይ ሻርፕ ጠመጠምኩ። የባጃጁ ሹፌር በመስታወቱ እያየኝ «አባባ፣ ደህና ነዎት?» ሲለኝ «አዎ፣ በርዶኝ ነው» አልኩት። ማስመሰሌ እውነት እንዲመስል ራቅ ብዬ ወረድኩና ቀሪውን መንገድ በፀሐይ በእግሬ ሄድኩ። በር ላይ ስደርስ ግንባሬ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ነገሩ ሠመረ ብዬ ተደሰትኩ።

ክፍሉ በእርግጥ ምድጃ ነበር። ሲስተር ከአልጋው ላይ በጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። ከስተዋል፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ልቤ ተነካ። እሳቸው ግን ገና ሲያዩኝ ዓይናቸው ንቁ ሆነ።

«ምን ሆነህ ነው በዚህ ቀትር ኮት የደረብከው?»

«በርዶኝ ነው፣ ሲስተር። ራሴንም ያዞረኛል።»

«ማነው በርዶሃል ያለህ?»

«ሰውነቴ ነዋ።»

«ሰውነትህ ውሸታም ነው። ና ተቀመጥ። እግርህን አምጣ።»

«ኧረ ሲስተር፣ እርስዎ ጎንበስ ብለው የእኔን እግር...»

«ዝም በል! የስንቱን ነክቻለሁ እንኳን ያንተን።»

ሱሪዬን ወደ ላይ ጠቀለሉ። የመዳፋቸው ጀርባ ቅልጥሜ ላይ ሲያርፍ ማቃጠሉ ተሰማኝ፤ እጃቸው እንደ እሳት ነበር። ወደ ባቴ አለፉ። ኮቴን አስወልቀው በሹራቤ ሥር ጀርባዬን ነኩ፣ ከዚያ ብብቴን። እኔ በውስጤ እየሳቅሁ ነበር። ቀና ሲሉ ግን ፊታቸው ላይ ሳቅ የለም።

«ማርቆስ፣ እኔን ልታታልል ነው የመጣኸው፣ አይደል?»

የሻርፔን ጫፍ መፍታት ጀመርኩ።

«ኮቱ ቀልድ ነው። ገና ስትገባ አውቄብሃለሁ። ይሄ ግን ቀልድ አይደለም። በዚህ ፀሐይ በሱፍ ኮት ተጉዘህ መጥተህ እግርህ ደረቅ ነው፣ ጀርባህ ደረቅ ነው፣ ብብትህ ደረቅ ነው። የሚሠራው ግንባርህ ብቻ ነው። አንተም አርጅተሃል፣ ልጄ።»

የራሴን ቅልጥም ነካሁት። ደረቅ ነበር፤ ያቃጥላል። ስንቱን ሽማግሌ እንደዚህ የነካሁ ሰው የራሴን ነክቼው አላውቅም ነበር። ደነገጥኩ፤ ሊያዩብኝ የማልፈልገው እንባ መጣብኝ።

«መቅደስ!» ሲሉ ተጣሩ፤ ድምፃቸው የድሮው የተመላላሽ ክፍል ድምፅ ነበር። «መስኮቱን ክፈቺ፣ በሩንም ክፈቺው፣ ውሃም አምጪ። ሰው ታሟል!»

መቅደስ ስንት ቀን የለመነችውን መስኮት እየሮጠች ከፈተችው። ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ ገባ። ውሃውን በማንቆርቆሪያና በሁለት ብርጭቆ አመጣችና አንዱን ሞልታ ሰጠችኝ። እኔ ብርጭቆውን ይዤ ቀረሁ።

«ጠጣ እንጂ!» አሉኝ ሲስተር።

«ባለቤት ያልቀመሰውን እንግዳ አይቀምስም።»

«እኔ ጾም ላይ ነኝ።»

«እንግዲያው ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እጠብቅዎታለሁ።»

«አንተ ተንኮለኛ ጴንጤ! በዚህ ሁኔታህ ዘጠኝ ሰዓት አትደርስም።»

«እርስዎስ ይደርሳሉ?»

የጋቢያቸውን ጫፍ ያዙ። መቅደስ በር ላይ እንደቆመች ናት። ከዚያ ሲስተር ቀስ ብለው «ማርቆስ» አሉኝ፣ «እኔ የማውቀው ነርስ መሆን ነው። ታማሚ መሆን አላውቅበትም።»

«እኔም አላውቅበትም» አልኳቸው።

ጋቢውን ከትከሻቸው አወረዱት። መቅደስ ተቀብላ አጠፈችው። ሁለተኛውን ብርጭቆ ራሳቸው ቀድተው አማተቡና «እግዜር ይይልኝ፣ ለበሽተኛዬ ብዬ ነው» አሉ። እኔ አልጠማኝም ነበር። እሳቸውም እንዳልጠማቸው አውቃለሁ። ሁለታችንም እስከ ጭላጩ ጠጣነው።